ሦስተኛው ቫልቭ

ድፍን ከተማው በሙቀት እንደ ዳቦ በሚጋገርበት በዚያ ወር፣ አማቹ ሁለት ሸሚዝ ደርቦ፣ ሁለት ካልሲ ደርቦ፣ የክረምት ኮቱን ከላይ ጥሎ ከጓሮው ክፍል ብቅ ሲል፣ ሾፌሩ የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደሰካ ደርቆ ቀረ። "ምነው፣ በረዶ ሊጥል ነው እንዴ?" ሊል አሰበና አረፋው አላናግር አለው። ደግሞ ለዚህ ሰው ቀልድ ማባከን ነው። አማቹ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው፤ በውሃ መሥሪያ ቤት የመስመር ሠራተኛ ሆኖ የከተማዋን ቧንቧ ሁሉ እንደ ገዛ ደም ሥሩ ያውቀዋል፤ ዝምታው ግን መሬት ውስጥ ከተቀበረው ቧንቧ ሁሉ የጠለቀ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ግቢ ሲኖሩ ለሾፌሩ የተናገረው ቃል ቢሰበሰብ የአንድ ቴምብር ጀርባ አይሞላም። ሾፌሩ ስለሚሠራበት የክልሉ ራዲዮ፣ በዓለም አቻ ስለሌላት መኪናው፣ ከኋላ ወንበር አስቀምጦ ስላጓጓዛቸው ሹማምንት መተረክ ሲጀምር፣ አማቹ ሻዩን ይጨርሳል፣ ብርጭቆውን በቀስታ ያስቀምጣል፣ ተነሥቶ ይሄዳል። በቃ። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ግን ቆም አለ። በግማሽ ኩባያ ውሃ የተላጨው አገጩ ሁለት ቦታ ደምቷል። ሾፌሩን ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣ "የክፍሌን ቁልፍ ለእህቴ ሰጥቻታለሁ" ብሎ ወጣ። የግቢው በር ሲዘጋ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ሾፌሩ አፉን ሳይጉመጠመጥ፣ ለነገሩ መጉመጥመጫ ውሃም አልነበረም፣ ወደ ኩሽና ገባ። ሚስቱ የትናንቱን ድስት በደረቅ ጨርቅ እየፈተገች ነበር። ድስቱ ከነጻ ቆይቷል፤ እሷ ግን መፈተጓን አልተወችም። ጠረጴዛው ላይ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ በፌስታል ተቋጥሮ ተቀምጧል። ከፌስታሉ አጠገብ ደግሞ አንድ ነጭ ፖስታ። ሾፌሩ የፖስታውን ማኅተም አወቀው። ያ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የደረሰው ሰው ሁለት ሸሚዝ ደርቦ ነው የሚሄደው፤ ማታ ወደ ቤቱ ይመለስ አይመለስ ስለማያውቅ።

"ከጸጥታ ቢሮ ነው" አለች ቀና ሳትል። "ሦስት ሰዓት ላይ ቅረብ ብለውታል።"

"ምን አድርጎ?"

"በራዲዮ ተናግሯል ብለው ነዋ።"

"እሱ? በራዲዮ? እሱ እኮ እዚሁ ቤትም አይናገርም!" አለ ሾፌሩ። ሊስቅ ሞከረ።

ሚስቱ ጨርቁን አስቀመጠች። "ሦስት የውሃ መስመር ቫልቭ ተዘግቷል ያለው ሰውዬ እሱ ነው ይላሉ። ሁለቱን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል። ሦስተኛውን የሚያውቁት ግን ኃላፊውና ወንድሜ ብቻ ናቸው። አምና አንድ እሑድ ቀን ወስደው ያስቀበሩት እሱን ነው፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳይል አስፈርመውታል። ለእኔ እንኳ የነገረኝ ዛሬ ነው፤ ያውም ይኼ ወረቀት ከደረሰው በኋላ።" ድስቱን አነሣችና መልሳ መፈተግ ጀመረች። "ድምፁ ግን ያንተ ነው። አወፍረውታል፣ ጎትተውታል፣ ግን ያንተ ነው። አንተን ከጉድጓድ ውስጥ ብትጮህም አውቅሃለሁ።" ሂድ አላለችውም፤ ቅርም አላለችውም። በሃያ ዓመት ትዳራቸው ብዙ ጊዜ ተኮራርፈዋል፤ የዚያን ጠዋቱ ዝምታ ግን ከዚያ ሁሉ ኩርፊያ ይከብድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቧንቧ ከደረቀ አርባኛው ቀን ላይ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ የአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ ሲያወጣ፣ የክልሉ ባለሥልጣናት "ግድቡ ጎድሏል፣ ሕዝቡ ይታገሥ" እያሉ ነበር። አንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ግን ለራዲዮው ሪፖርተር ወረቀት ላከ። ውሃው አላለቀም፣ ተዘግቶ ነው፤ ኮረብታው ላይ ለተሠሩት ለምክር ቤት አባላት ቤቶች እንዲበቃ በትእዛዝ ሁለት ቫልቮች ተዘግተዋል፤ ይላል ወረቀቱ። የላከው ሰው ማን እንደሆነ ሪፖርተሩ ለወለደችው እናቱም አልነገረም። ጣቢያው እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥመው የራሱ ዘዴ አለው። ድምፅ የሚቀይረው መሣሪያ ሰውን ሁሉ ዳክዬ ስለሚያስመስልና አድማጩ ስለሚስቅ፣ ወረቀቱን ከግቢው ሠራተኞች አንዱ ያነበዋል፤ አንድ ጊዜ ገንዘብ ያዧ፣ አንድ ጊዜ ዘበኛው። ከዚያ ድምፁን ትንሽ አወፍረው "ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ ሠራተኛ" ይሉታል። ሾፌሩ ይህን ዕድል ሲለምን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ያን ቀን ዘበኛው ጉንፋን ይዞት ተነፋንፎ ነበር።

እናም ገባ። ያቺ ስቱዲዮ ከቁም ሣጥን አትሰፋም፤ እሱ ግን ቤተ መንግሥት የገባ መሰለው። ማይክራፎኑን አየው፤ ማይክራፎኑም አየው። ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረና "ሁለት ቫልቮች" የሚለው ጋ ሲደርስ ቃሉ አፉ ውስጥ ቀጭን ሆነበት። ሁለት ምን ይላል? ሁለት ለጫማ ነው። አርባ ቀን የተጠማ ሕዝብ ቁጭ ብሎ እየሰማ፣ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ሁለት ብሎ ሊወጣ? ደረቱን ነፋና "ሦስት ቫልቮች" አለ። እንዴት አማረበት! እንደ ደወል ጮኸ። በሕይወቱ ብዙ ቁጥር ጨምሯል፤ በመኪና የገጨውን ውሻ ጅብ አድርጎታል፤ ለአንድ ምክትል ኃላፊ የከፈተውን በር ለሦስት ሚኒስትር ከፍቶታል። ከጨመራቸው ቁጥሮች ሁሉ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም እውነት የሆነ አልነበረም።

ያን ጠዋት ወደ ጣቢያው ሲነዳ መሪው በላብ ከእጁ ያመልጠው ነበር። ከኋላው የሚመጣው መኪና ሁሉ የሚከተለው መሰለው፤ አንዷን ታክሲ አራት መስቀለኛ መንገድ ሙሉ በመስታወቱ ሲያያት ቆየና ስትታጠፍ ሊያለቅስ ደረሰ። ሪፖርተሩን ግቢው ውስጥ አገኘው፤ ቀጭን፣ ኪሱ ላይ አራት እስክሪብቶ የሚሰካ፣ ከሾፌሩ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ነው። ሾፌሩ ክንዱን ይዞ መኪና ውስጥ አስገባውና በዚያ ሐሩር መስኮቱን ሁሉ ዘጋ።

"ሦስተኛውን ቫልቭ እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

ሪፖርተሩ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ። "ለምን?"

"ሁለት አነሰብኝ።"

"አነሰብኝ?" ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። "ጋሼ፣ ሽሮ መሰለህ እንዴ ውሃ ጨምረህ የምታበዛው? እኔ መንገድ ላይ ሆኜ ስሰማው አርታኢው ከሌላ ሰው አጣርቶ ያስተካከለው መስሎኝ ዝም አልኩ። አርታኢው ደግሞ እኔ ያስተካከልኩት መስሎት ነው ያሳለፈው።"

ሾፌሩ የአማቹን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው። ሲነግረው ምንም አላጋነነም፤ ማጋነን የሚባለው ነገር በዚያ ጠዋት ከሰውነቱ ወጥቶ ሄዶ ነበር። እርማት እናውጣ አለው። ሪፖርተሩ ራሱን ነቀነቀ። የጣቢያው ዋና ኃላፊ ትናንት ሰብስበዋቸዋል፤ ሦስተኛው ስሕተት ነው ካልን ሁለቱ እውነት ናቸው ማለታችን ነው፣ ዝም ካልን ደግሞ ሦስቱም እውነት ናቸው ማለታችን ነው፣ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጣቢያ ውሃ የሚል ቃል እንዳልሰማ ብለዋል። የአየር ጠባይ አቅራቢዋ ዝናብን ምን ብላ እንደምትጠራው ስትጠይቅ ተቆጥተው አስወጥተዋታል። በዚያ ላይ በዚሁ ሳምንት የወጣው ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሐሰተኛ ወሬ የነዛ ሦስት ዓመት ይታሰራል። እውነተኛ ወሬ የነዛ ስንት ዓመት እንደሚታሰር ግን አልተጻፈም።

"አንተ ዝም በል" አለ ሪፖርተሩ በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ። "አማችህ ስለ ወረቀቱ የሚያውቀው ነገር የለም። የማያውቅ ሰው ምን ይናገራል? ነገ ይለቁታል።"

"ባይለቁትስ?"

ሪፖርተሩ ከአራቱ እስክሪብቶ አንዱን አውጥቶ ክዳኑን ከፈተው፣ ዘጋው፣ ከፈተው። ከዚያ ጎማዋ አየር የጎደላት ትመስላለች አለ። ሾፌሩም ቫልቩ ነው፣ አየሩን ቀስ እያለ ነው የሚያስተነፍሰው አለ። ስለ ጎማ እንደ ሁለት ጤነኛ ሰዎች አወሩና ወረዱ።

ረፋዱ ላይ ሪፖርተሩን ወደ ምክር ቤቱ መግለጫ አድርሶ ሲመለስ የውሃ ቦቴ መንገዱን ዘግቶት ቆመ። የጀሪካኑ ሰልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማየት መነጽር ያስፈልግ ነበር፤ ቢጫው ብቻ ዓይን ያጠፋል። መኪናዋ በሯ ላይ የራዲዮው ዓርማ ስላለባት ወዲያው አወቋት። "ጡሩምባው!" አለች አንዲት የሰፈሩ ሴት፣ ነዋሪው ሁሉ በሚጠራው ቅጽል ስሙ፤ "ዘንድሮስ ራዲዮአችሁ ወንድ ወጣው! ያ ሦስት ቫልቭ ያለው ሰውዬ አፉ ይባረክ!" ከኋላዋ ያለች አንገቷን አስግጋ፣ "አምስት ነው እንጂ ያለው" አለች። ጀሪካኑ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን አነሡ፤ "ሰባት! ሰባት ነው ያለው፤ በዚህ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ!" ብለው ማሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ሾፌሩ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያን ድምፅ እነማን ከማን እንደተረከቡት፣ በስንት መከራ እንዳለፈ ባስረዳቸው ነበር። አሁን ግን ጆሮው እየጮኸ፣ ከአፉ የወጣችው አንዲት ቁጥር ጎዳና ለጎዳና እየወለደች ስትሄድ ይሰማው ነበር። አንዱ ሰላይ ከሰልፉ መሃል ቆሞ እየቆጠረ ያለ መሰለው። "ሰውየውን ታውቀዋለህ አይደል?" አለችው ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብላ። "እኔ ሾፌር ነኝ እቴ፤ ከመሪ በቀር የማውቀው የለኝም" አለ። ሴትዮዋ ሾፌሩ የታመመ መስሏት ግንባሩን በእጇ ልትነካው ነበር።

ቦቴው ሲነሣለት ወደ ጣቢያው መታጠፍ ነበረበት። እጁ መሪውን ወደ ግራ ያዘው፤ መኪናዋ ግን ወደ ቀኝ ሄደች። እንዲህ ነው የሆነው፤ ጀግንነት አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ነበር ጭንቅላቱ ውስጥ፦ እኔ ነኝ እላለሁ፣ ከራሴ ነው የጨመርኩት እላለሁ፣ ያኔ ያንን ሰው የሚይዙበት ምክንያት የለም። ሦስት ዓመት ይፈርዱብኛል። ሦስት ዓመት ስንት ቀን እንደሆነ ማስላት ጀመረና ተወው።

የጸጥታ ቢሮው ኮሪደር ጎን ለጎን ሁለት ሰው አያሳልፍም፤ ርዝመቱ ግን ሰው በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጫፍ እስኪወጣ ያረጃል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ሚስቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ ፌስታሉ ጭኗ ላይ ነው፤ እንቁላሉን አልተቀበሏትም። አየችው። ፌስታሉን ወደ ግራዋ አሸጋሸገችና ከቀኟ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀችለት። ተቀመጠ። ትከሻዋ ትከሻውን ነካው። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆነ፣ ሰባት ተኩል ሆነ። አንድ በር በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም እኩል ይደነግጣሉ። "ጠዋት ምንም አልበላህም" አለች፤ እንቁላል ልጣ ሰጠችው። እጁ ላይ ያዘው እንጂ አልበላውም። በመጨረሻ ተነሥቶ ስሙን ለተረኛው ጠባቂ አስመዝግቦ፣ "ስለ ራዲዮው ወሬ የምናገረው አለኝ" ሲል የወጣው ድምፅ የራሱ መሆኑን ተጠራጠረ፤ ቀጭን ነበር።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር፤ የሚያስፈራውም ጨዋነቱ ነው። "ይቀመጡ፣ ይቀመጡ" አለው። ንጹሕ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብ፣ ከመስታወት ማሰሮ የተቀዳ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ሾፌሩ ከአርባ ቀን በላይ እንዲህ የጠራ ውሃ አላየም ነበር። እንቁላሉን ኪሱ ውስጥ ከተተና ተናገረ። ድምፁ የእኔ ነው፤ ወረቀት ተሰጥቶኝ አነበብኩ፤ ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ ወረቀቱ ሁለት ነው የሚለው፤ ሦስት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከራሴ ነው፤ አማቼ የዚህን ሁሉ ፊደል አያውቅም። ይህን ብሎ ጨረሰ። በዕድሜው ሙሉ እንዲህ አጭር ነገር ተናግሮ አያውቅም።

"ከራስዎ" አለ መርማሪው። "እንግዲህ እርስዎ ከራስዎ ሦስት አሉ፤ ሦስተኛው ደግሞ አለ። ይገርማል፣ አይደለም?"

"ሦስተኛው መኖሩን ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት! ጌታዬ፣ እኔ ጉረኛ ነኝ። ማንንም ይጠይቁ። ጡሩምባው ነው የምባለው።" ላቡ ከቅንድቡ ወደ ዓይኑ ወረደ። ከዚያ የማይታመን ነገር ሆነ፤ በሰፈሩ ውስጥ በገዛ ምላሱ የገነባውን ግንብ ድንጋይ በድንጋይ ያፈርሰው ጀመር። ጅቡ ውሻ ነበር አለ። እሱም አልሞተም፣ አነከሰ እንጂ። ሚኒስትር የሚባል ሰው በአጠገቤ አልፎ አያውቅም አለ። አንድ ጊዜ በጎርፍ መሃል ነዳሁ ያልኩት ኩሬ ነው፤ እሱም ሞተሩ ጠፍቶብኝ በአህያ ጋሪ ተጎትቼ ወጣሁ። መርማሪው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። ሾፌሩ ሳቁን ሲያይ ትንሽ ተስፋ ገባው፤ የራሱ ውርደት እንደዚያ ጣፍጦት አያውቅም።

"እሺ፣ ይሁን" አለ መርማሪው መዝገቡን እየዘጋ። "የሚያጋንን ሰው ከሆኑ ነገሩ ሌላ ነው። ሁለታችሁም ቤታችሁ ታድራላችሁ። ማን ይመሰክርልዎታል?"

"ሚስቴ ውጭ አለች።"

"ሚስት ለባሏ ያለችው አይጻፍም።"

"እንግዲያው አማቼን!" ሾፌሩ ከወንበሩ ተነሣ። "እሱ ነው አሥራ ሁለት ዓመት ሲሰማኝ የኖረው። አንድ ቀን እንኳ አምኖኝ አያውቅም። እሱን ይጠይቁት!"

መርማሪው ወጣ፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው። የቀጣዩ ክፍል በር ሲከፈት፣ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ተሰማ። ሾፌሩ ተመልሶ ተቀመጠ። የአማቹ ሳል ተሰማው፤ ያ ደረቅ፣ ጠዋት ጠዋት በግድግዳው በኩል የሚሰማው ሳል።

"የእህትህ ባል እዚህ ነው" አለ መርማሪው። ጨዋነቱን ከዚህኛው ክፍል ጥሎት ሄዷል። "ድምፁ የእኔ ነው ብሏል። ይኼ ሰው ነገር ይጨምራል፣ ያጋንናል ይባላል። እውነት ነው? አዎ በልና ፈርም።"

ዝም። ያ የተረገመ ዝምታ። ሾፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። በል እንጂ፤ ቀጣፊ ነው በል። ወሬኛ ነው፣ ባዶ በርሜል ነው፣ ሻዬን በሰላም አላስጠጣኝም በል። አንተ ሰው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ስደበኝ።

"ለምንድን ነው የምፈርመው?" አለ አማቹ በመጨረሻ። "ሐሰተኛ ወሬ የነዛ ሦስት ዓመት አይደል የምትሉት? ሐሰተኛ ነው ብዬ ፈርሜ የእህቴን ቤት በገዛ እጄ ልዝጋው?"

"የጠየቅሁህን መልስ።"

"እመልሳለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረናል። ሰው ይስቅበት ይሆናል። እኔ ግን ሐሰት ሲናገር አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ያየውን ነው የሚናገረው። ከአፉ የማያውቀው ቁጥር አይወጣም። ይህንን ጻፍና እፈርምልሃለሁ።"

ሾፌሩ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ያ ጎዳና የሚያናውጥ ድምፅ፣ ያ ስቱዲዮ የማይበቃው ድምፅ፣ አልወጣም። እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲንኳኳ ሰማ፤ ከዚያ የአማቹን ረጅም የፊርማ ጭረት።

መርማሪው ተመልሶ ገባ። በሩን በዚህ ጊዜ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ወንበሩን ከጠረጴዛው ማዶ አንሥቶ ከሾፌሩ ጉልበት አጠገብ አስቀመጠው፣ ተቀመጠ፣ መዝገቡን አዲስ ገጽ ላይ ከፈተ።

"መልካም" አለ። "አይጨምሩም። እንግዲህ ሦስተኛውን የነገረዎት ማን ነው?"